እትየ ትርንጎ የተከሰሰችበት እግር

«አንች ልጅ፣ መቀመጫሽ ወንበር አያውቅም፤ አፍሽ በር አያውቅም፤ እንዴት ብየ ነው ቤት የማከራይሽ?»

እትየ ትርንጎ ይህን ያለችኝ ገና በሯ ላይ ቆሜ፣ ስሜን እንኳ ሳልነግራት ነው። እኔ ያልሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ጣራውም ያፈሳል፣ ይህን ቤት ብሎ ለሰው ማሳየት ራሱ ድፍረት ነው አልሁ። መልሳ ሰደበችኝ፤ ከዚያ ቁልፉን ሰጠችኝ። ጎንደር ውስጥ ያልተከራየሁበት ሰፈር የለም። ሰድቦ ያከራየኝ ግን እሷ ብቻ ናት፤ ከሁሉም ረዥም ጊዜ የተቀመጥሁትም እሷ ቤት ነው።

በቀደም ሞተች ብለው ደወሉልኝ። እንፍራንዝ፣ የምሠራበት ምግብ ቤት፣ ለደንበኛ መልስ እየቆጠርሁ ነበር፤ ቆጠራው ጠፋብኝ። ገበያ ውላ መጣች፣ እራቷን በላች፣ ተኛች፣ ጠዋት አልተነሳችም አሉ። አስታማሚ አላስፈለጋት፤ ይህ ይደረግ፣ ያ ይቅር ብሎ የሚጨነቅላት ሰው አልፈለገች። ለሌላ ሰው ያን ያህል የተጨነቀች ሴት ለራሷ ማንንም ሳታስጨንቅ ሄደች። ቀብሯ ላይ አልደረስሁም። ስለዚህ ይህን እጽፋለሁ፤ መቀመጫየ ወንበሩን እስካልለቀቀ ድረስ።

እትየ ትርንጎ ብቅልና ጌሾ ነጋዴ ነበረች። አጭር ናት፣ ወፍራም ናት፣ ስትሄድ መሬቱ የሷ ይመስላል። ባላገር ጌሾ ተሸክሞ ሲመጣላት አንድ ቅጠል ትቀነጥስና ታኝካለች፤ እያኘከች ሰውየውን ትኩር ብላ ታየዋለች። መራራነቱን የምትለካው የቅጠሉን ይሁን የሰውየውን አይታወቅም። ነገር ሲከብዳትም እንዲሁ ነው፤ ጌሾ ከሌለ ሣር ነቅላ ታኝካለች እንጂ ሳታኝክ አትመልስም። መጀመሪያ ሰሞን እርስዎ ስላት ተቆጣችኝ፤ «እርስዎ ስትይኝ ዕድሜየን የምትቆጥሪብኝ ይመስለኛል። እትየ ካልሽኝ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ አንች በይኝ» አለች። ጎረቤት ስለ ጎረቤቱ ሊያማ ሲመጣ ደግሞ ቡና ሳይሆን ወንፊት ታስይዘዋለች። «የማይጣላሽ ጎረቤት የሞተ ነው» ትላለች፤ «ሄደሽ ለቅሶ ድረሽው።»

እሷ ራሷ የምትጣላው ጎረቤት ከአጥሯ ወዲያ ነበር። ግቢው መሐል ለመሐል በቆርቆሮ ተከፍሏል፤ ከቆርቆሮው ባሻገር የሚኖረው አያ ተገኘ የቀድሞ ባሏ ነው። ድሮ ሲፋቱ ሽማግሌዎች ማን ይውጣ ብለው ቢጠይቁ ሁለቱም አንወጣም አሉ። ስለዚህ ግቢውን እንደ እንጀራ ለሁለት ቆረሱት። ልጅ የላቸውም። ለምን ተፋታችሁ ብየ አንድ ቀን ፊት ለፊት ጠይቄያታለሁ። አያ ተገኘ የጭነት ማኪና ሹፌር ነበር፤ ከሳንጃ ሰሊጥ ሲጭን፣ ወዲያ ሲያራግፍ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። «ሚስቱ ማኪናዋ ነበረች» አለችኝ፤ «እኔ ትርፍ ጎማ ነበርሁ።»

እሱም ቢሆን የዋህ እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ጠዋት ሬዲዮኑን ቆርቆሮው ሥር አምጥቶ እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል፤ እሷ እንዳትተኛ። የሷ የጌሾ ዛፍ ቅርንጫፍ ወደሱ ከተሻገረ ቆርጦ ጣራው ላይ ያሰጣዋል። እሷ ቀበሌ ትከሰዋለች፤ እሱ ደግሞ ጥላው ግድግዳየን አበሰበሰው ብሎ ይከሳታል። ሲፋቱ ሁሉንም ተካፍለው አንድ ያልተካፈሉት ነገር ቢኖር የነፍስ አባታቸውን ነው። አባ ኃይሉ በአንዱ በር ገብተው አንዷን ይሰማሉ፤ ወጥተው በሌላው በር ገብተው ሌላውን ይሰማሉ። ሲወጡ ራሳቸውን ይዘው ነው።

አያ ተገኘ አንድ ቃል አለው፤ ልሙት። ያለ ስኳር ሻይ ከምጠጣ ልሙት ይላል፤ ይጠጣል። ስኳር በሽታ አለበትና ግዴታው ነው። ቀበሌ ስብሰባ ከምሄድ ልሙት ይላል፤ ሄዶ የፊት ወንበር ይይዛል። ቆርቆሮውን ተሻግሮ በቀን አሥር ልሙት ይመጣልናል። እትየ ትርንጎ እዚህ ብቅሏን እየነፋች «ሙትና ልረፍ» ትላለች።

አንድ ጠዋት ሬዲዮኑ አልተከፈተም።

እኔ ደስ ብሎኝ ተገልብጨ ተኛሁ። እትየ ትርንጎ ግን ወንፊቷን አቆመች። ትንሽ አዳመጠች። «ምነው ይህ ሰውየ ዛሬ ዝም አለ?» አለች። ቆይታ መጥታ በሬን ደበደበች፤ በርሜል ላይ ወጥተሽ እይልኝ አለችኝ። ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ አያ ተገኘ አልጋው ላይ ነው፤ አንድ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ሽታው እኔ ያለሁበት ድረስ መጣ። ሚስማር ወግቶት ኖሯል። ስኳሩ እግሩን አደንዝዞት አልተሰማውም፤ ሲሰማው ደግሞ ደበቀው። ለማን ያሳየው? በዙሪያ መንገድ ሮጠን ሄድን። እትየ ትርንጎ ገብታ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ሸፈነችው። አንድ የስድብ ቃል አልወጣትም፤ እኔ የደነገጥሁት ያን ጊዜ ነው።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ነገር አታስረዝምም። እግሩ ሞቷል፣ መርዙ ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ ከጉልበቱ በታች ካልተቆረጠ ሰውየው አይተርፍም አለች። አያ ተገኘ ያን ጊዜ አእምሮው ነበረ። ክፍሉ በሙሉ እስኪሰማ «እግሬን ከምትቆርጡ ልሙት» ብሎ ጮኸ። የሌላው በሽተኛ አስታማሚ ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየ። ዶክተሯ ቁጭ ብላ በለሆሳስ አስረዳችው፤ እሱ ልሙት። ነገ ተረጋግተን እንነጋገር አለችው፤ እሱ ልሙት።

ነገ አልደረሰለትም። ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ጨመረና አእምሮው ሄደ። እኔን ረዳቱ አድርጎ ጎማ እይ፣ ዳገቱ ላይ ድንጋይ ያዥ ይለኝ ጀመር። ዶክተሯ መጥታ ከእንግዲህ እሱን መጠየቅ አይቻልም፣ ስለሱ የሚወስን ዘመድ ይምጣ አለች። ከዚያ ወደ እትየ ትርንጎ ዞራ ምኑ ነሽ ብላ ጠየቀቻት።

«ባላጋራው ነኝ» አለች እትየ ትርንጎ።

ዶክተሯ ወደኔ አየች። ተፋተዋል ማለቷ ነው አልኋት። እንግዲያው የሥጋ ዘመድ ጥሩ አለች። የሥጋ ዘመዱ ታናሽ ወንድሙ አያ ሞላ ነው፤ አዲ አርቃይ ገበሬ ነው። ደወልንለት። በማግስቱ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ ከች አለ። አባ ኃይሉም ሰምተው መጡ። አራታችን ሆስፒታሉ ግቢ ሣሩ ላይ ሆንን፤ ሦስቱ ተቀመጡ፣ እኔ ቆምሁ። ዙሪያችንን አስታማሚ ሁሉ ምሳ ዕቃ ከፍቶ ይበላል። ዶክተሯ ቶሎ ንገሩኝ፣ ከዛሬ ካለፈ መቁረጡም አይረዳውም ብላናለች።

አያ ሞላ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ያን ቀን እኔ ራሴ ክፉ መስሎኝ ስለነበረ ነው። ጠበል እንውሰደው አለ። አባ ኃይሉ ጠበሉ ከሐኪሙ ጋር አልተጣላም፣ ከተቆረጠ በኋላም ይጠመቃል አሉት። ጎዶሎ አካል ይዞ እንዴት ፈጣሪው ፊት ይቆማል አለ። ለትንሣኤ እግር አያንስም አሉት። ያን ጊዜ ዋናውን አወጣው።

«በአፉ ልሙት ብሏል። ወንድሜ ነው፤ ታላቄ ነው። ቃሉን የምሽር እኔ ማነኝ?» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ቢሞት የእግዜር ነው፤ ማንም አይጠይቀኝም። ቢድንና እግሬ የት አለ ቢለኝስ? እናንተ የተገኘን ዓይን አታውቁትም?»

ሁላችንም የተገኘን ዓይን እናውቀዋለን። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር። ሞቱን ሳይሆን መዳኑን ነው የፈራነው።

እትየ ትርንጎ ሣር ነቅላ ማኘክ ጀመረች። ብዙ አኘከች። እኔ ትዕግሥት የለኝም፤ ሰውየው እዚያ እየሞተ አንች ሣር ትግጫለሽ ወይ ልላት ስል ተናገረች።

«ሞላ፣ ስማኝ። ወንድምህ ልሙት ሲል ፈርቶ ነው። ከዚህ ሰው ጋር ስንት ዘመን ኖሬያለሁ፤ ስንት ዘመን ተጣልቻለሁ። ከልቡ የማይፈልገውን ነገር በጩኸት እንቢ ብሎ አያውቅም። ልንፋታ ስንል ልሙት አላለም። እናታችሁ ስትሞት ልሙት አላለም። ከምሩ እንቢ ሲል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዝም ነው የሚለው። ትናንት ግን ጮኸ፤ ይች ልጅ ትመስክር፣ ሆስፒታሉ በሙሉ ሰምቷል። የጮኸ ተገኘ መኖር የሚፈልግ ተገኘ ነው።»

«ብትሳሳችስ?» አሉ አባ ኃይሉ።

«ከተሳሳትሁ ይክሰሰኝ። ሲከሰኝ አይደለም የኖረ? እናንተ ወዳጆቹ ናችሁ፤ ብትጣሉት ይጎዳችኋል። እኔ ግን ከሱ ጋር የሚበላሽ ፍቅር የለኝም፤ ጠቡ እንደሆነ ድሮም አለን።»

አባ ኃይሉ አንገታቸውን አቀረቀሩ፤ ሳቃቸውን እንደደበቁ አውቄባቸዋለሁ። አያ ሞላ ግን ባላገር ነው። በእኛ አገር ዋስ ሳይጠራ ነገር አይቆምም፤ ሁለት ሰዎች ስለ ፍየል እንኳ ሲስማሙ ሦስተኛ ሰው መሐል ይቆማል። ዱላውን መሬት ተከለና፤ «እፈርማለሁ። ተገኘ ተነሥቶ ሲጠይቅ ግን ተጠያቂዋ አንች ነሽ። ዋስ ጥሪ» አለ።

እትየ ትርንጎ ዙሪያዋን አየች። ገበያ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ዋስ የሚሆናት ሰው ይጋፋ ነበር። እዚህ ግን ምሳ ዕቃ የከፈተ እንግዳ ሰው ብቻ ነው። ዓይኗ ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ።

«ይችን ጠርቻለሁ።»

«ይችን?» አለ አያ ሞላ። «ይች ቁጭ ማለት እንኳ አትችልም እኮ። ተገኘ ሲነሣ የት ትገኛለች?»

አባ ኃይሉ ወደኔ ቀና ብለው፣ ተገኘ በጠራሽ ጊዜ ትቆሚያለሽ ወይ አሉኝ። መቆም እንደሆነ ከማለዳ ጀምሮ ቆሜያለሁ አልኋቸው። ነገሩ እንደ ቀልድ ወጣብኝ፤ አፌ እንደሆነ በር የለውም። እሳቸው ግን መስቀላቸውን ዘረጉልኝ፤ ተሳለምሁ፤ ዋስ ሆንሁ። አያ ሞላ ገብቶ ፈረመ።

ኦፕራሲዮኑን ስንጠብቅ እትየ ትርንጎ የአያ ተገኘን ጋቢ ሆስፒታሉ ቧንቧ ላይ ወስዳ ታጥብ ጀመር። ጋቢው ንጹሕ ነበር፤ ዝም ብላ ነው የምታጥበው። ስትጨምቅ አንዱን ጫፍ እኔ ያዝሁላት።

«ተሳስቼ ቢሆንስ?» አለችኝ።

«ከተሳሳትሽ ይሰድብሻላ።»

«ስድቡንማ ለምጄዋለሁ።» ጋቢውን ጠምዝዛ ጠምዝዛ ውኃው አልቆ እንኳ አላቆመችም። «ዝም ካለኝ ነው።»

አያ ተገኘ በሰላም ወጣ። ከሱ በኋላ ነጭ የለበሰ ሰው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ብቅ አለና ማን ይረከባል አለ። እግሩን መሆኑ ነው። የሰው አካል ሜዳ አይጣልም፤ ዘመድ ተረክቦ ይቀብረዋል። አያ ሞላ ወደ ኋላ አፈገፈገ። እትየ ትርንጎ ነጠላዋን አውልቃ ዘረጋች፣ ተቀበለች፣ እንደ ሕፃን ታቀፈችው።

ባጃጅ ያዝን። ሹፌሩ በመስተዋት አየት አየት አደረገና ሥጋ ነው ወይ፣ የማን በሬ ነው ብሎ ጠየቀ።

«የባሌ እግር ነው» አለች እትየ ትርንጎ።

ሹፌሩ ዘፈኑን አጠፋ። ባሌ ስትል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የት ይቀበር የሚለውን ማንም በደንብ አላሰበበትም፤ ሁሉ ነገር የመጣው ከዚህ ነው። የአያ ተገኘ ወገኖች መቃብር ያለው ከሊማሊሞ ማዶ ነው። እግር ደግሞ አውቶቡስ አይጠብቅም። ስለዚህ ሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን፣ እትየ ትርንጎ እናቷንና አጎቷን የቀበረችበት ቦታ ላይ ተቆፈረ። አባ ኃይሉ አጭር ጸሎት አደረጉ። አያ ሞላ ቆቡን አውልቆ ዱላው ላይ ተደግፎ ቆመ። እትየ ትርንጎ አፈሩ ሲመለስ ድንገት አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ፣ እንደ ሙሉ ሰው ለቅሶ። ሰው ድኖ ሳለ ለእግሩ ሲለቀስ አይቼ አላውቅም። አይዞሽ አንዱ አለ አልኋት። ከለቅሶዋ መሐል ክርኗን ጎኔ ላይ አሳረፈችብኝ።

ከዚያ አያ ተገኘ ነቃ። ትኩሳቱ ወርዷል፣ አእምሮው ተመልሷል። ብርድ ልብሱን አየ፤ አንዱ ወገን ከፍ ብሏል፣ አንዱ ወገን ተኝቷል። እትየ ትርንጎ አጠገቡ ቆማ ስድቡን ትጠብቃለች፤ መልሱን እንኳ አዘጋጅታለች፣ ከንፈሯ ላይ ይታየኛል። አያ ተገኘ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ለዶክተሯ ይመልሳል። ለወንድሙ ይመልሳል። ለሷ ግን ምንም። ጠዋት ትመጣለች፣ ማታ ትመጣለች፤ ግድግዳውን ያያል። እንዲሰድባት ብላ ሰደበችው። ድንበሩ ላይ ያለውን ጌሾ ሆን ብየ ወዳንተ አሳደግሁት አለችው። ሬዲዮኑን አምጥታ ራስጌው ላይ እስከ መጨረሻው ከፈተችው፤ ነርሷ መጥታ ዘጋችው። እሱ ምንም። ከሆስፒታል ወጥቶ በሱ በኩል ገባ፤ ወንድሙ ትንሽ ሰንብቶ አስታመመውና እርሻው ጠራው። ከቆርቆሮው ወዲያ ዝም። ሬዲዮን የለ፣ ልሙት የለ።

እትየ ትርንጎ ገበያ መሄድ ተወች። ብቅሉ ሻገተ። አንድ ቀን ወንፊቱን ባዶውን እየነፋች አገኘኋት።

«እውነቱን ነበር» አለችኝ። «ያን ቀን ልሙት ያለው እውነቱን ነበር። የሰው እግር ቆረጥሁ፤ አንች ልጅ፣ ባለቤቱ አትንኩኝ እያለ እግሩን ቆረጥሁት።»

የሚያጽናና ነገር መናገር አልችልበትም። ዝም ብየ መቀመጥም አልችልም። በሩን ወርውሬ ወጣሁና በዙሪያ መንገድ ወደሱ ሄድሁ። አያ ተገኘ ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ ክራንቹን ግድግዳ አስደግፏል።

«አያ ተገኘ፣ ጆሮህም አብሮ ተቆርጧል ወይ?» አልሁት።

አየኝ። እንዲህ የሚናገረው ሰው ስላልነበረ ይሆናል፤ ሁሉ ሲያባብለው ነው የሰነበተው። «እግሬን የት ጣላችሁት?» አለኝ።

«አልጣልነውም። በክብር ተቀብሯል።»

«የት?»

«እዚሁ ሰፈር። የእትየ ትርንጎ እናትና አጎት ጎን።»

ቢያንስ ሁለት እግር ያለው ሰው መስሎኝ ነበር፤ እንዲያ ነው የተነሣው። ክራንቹን እንኳ አልያዘም፤ ግድግዳውን ይዞ ቆመ።

«ከአጎቷ ጋር? በሰርጌ ቀን ከዚህ ሹፌር ጋር አንድ ማዕድ አልቀርብም ብሎ ጥሎኝ ከሄደው ሰው ጋር? እግሬን? ከዚያ ሰውየ ጋር ከምተኛ ልሙት!»

ከቆርቆሮው ወዲያ በርሜል ሲንከባለል ሰማሁ። ከዚያ የእትየ ትርንጎ ሻሽ ብቅ አለ፤ ቀጥሎ ፊቷ። በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ ውፍረቷ በርሜሉ ላይ ወጥታለች።

«ምን አልህ?» አለች። «አልሰማሁህም፤ ድገመው እስቲ።»

«እከስሻለሁ!»

ሻሹ ወረደ። እኔ ተመልሼ ስገባ ፊቷን ታጥባ፣ የሻገተውን ብቅል ደጅ ደፍታ ነበር። «ይከሳል» አለችኝ፤ የሰርግ ጥሪ የደረሳት ነው የምትመስለው። በማግስቱ ገበያ ወጣች።

ክሱ የታየው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በአያ ተገኘ ደጅ ነው። አባ ኃይሉ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አያ ሞላ ከአዲ አርቃይ ተጠርቶ መጥቷል። እኔ ደግሞ እንፍራንዝ ሥራ አግኝቼ የዚያን ዕለት መሄዴ ነበር፤ ቦርሳየን እንደያዝሁ ለዋስነቴ ቆምሁ። አያ ተገኘ ከሳሽ ነውና ቆሞ ነው የሚናገር፤ ተቀመጥ ቢሉት እንቢ አለ። በሁለት ክራንች ተደግፎ፣ ጋቢውን አጣፍቶ እንደ ጥንቱ ባላገር ተሟገተ። አንደኛ ሳልጠየቅ ተቆረጥሁ አለ። ሁለተኛ ሳልሞት ተቀበርሁ፣ ያውም ከጠላቶቼ ጋር አለ። አጎትየው የሠራውን ከሰርጉ ቀን ጀምሮ ዘረዘረ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁ አምልጦት ሳል አስመሰለው።

እትየ ትርንጎ መልስ ስጭ ተባለች። ተነሣች። አንድ ቅጠል ጌሾ ጉንጯ ውስጥ ነበረ።

«ከሳሼ ቆሞ ይናገራል» አለች። «መልሴ ይኸው ነው።»

ተቀመጠች። አያ ሞላ መሬት መሬቱን ያያል። አባ ኃይሉ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙና ቀስ ብለው ጠየቁ።

«ተገኘ፣ ልጄ፤ ስለ መቃብሩ ቆይተን እንነጋገራለን። መጀመሪያ ይህን መልስልኝ። ያን ቀን አእምሮህ ኖሮ፣ ከጩኸትህ በኋላ ለብቻህ አግኝቼ ብጠይቅህ፣ ምን ትለኝ ነበር?»

እትየ ትርንጎ ማኘኳን አቆመች። አያ ተገኘ የእግሩን ባዶ ቦታ አየ፣ ወንድሙን አየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እሷ እጇን አፏ ላይ ስትጭን አየሁ። ረዥም ጊዜ እንዲያ ቆየ። ከግድግዳው ሲመለስ ቁጣው እንዳለ ነው።

«እኔን ምን ታደርቁኛላችሁ?» አለ። «እሷን ጠይቋት፤ ታውቀዋለች።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እትየ ትርንጎ እጇን ከአፏ አላወረደችም። አባ ኃይሉ ወደኔ ዞረው ዋሷ ነጻ ናት፣ ሂጂ ልጄ፣ ማኪናው እንዳያመልጥሽ አሉኝ። መስቀላቸውን ተሳልሜ፣ ቦርሳየን ትከሻየ ላይ ጥየ፣ በአያ ተገኘ በር ወጣሁ።